ደጀን ይጠራሉ፣ ፍራንክፈርት ይነበባል

ደጀን ላይ ከመኪና ስወርድ መጀመሪያ የሚቀበለኝ ጩኸት ነው። «ቢቸና! ቢቸና! ቢቸና!» ይላል አንዱ። «ሞጣ! ሞጣ!» ይላል ሌላው። ወዲያ ማዶ ደግሞ «ማርቆስ፣ ሁለት ሰው!» ይባላል። ረዳቶቹ በር ላይ ተንጠልጥለው የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ይጣራሉ።

ደጀንን ለማታውቋት፣ ከአባይ በረሃ አናት ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ጎሐ ጽዮን ላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ድልድዩን ትሻገራላችሁ። ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ጨርሳችሁ ብቅ ስትሉ ደጀን ናችሁ። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በሉማሜ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል። ሌላው ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ፣ አልፎም ወደ ባሕር ዳር። የእኛ ቤት በቢቸና በኩል ነው። ስለዚህ ደጀን ለእኛ መኪና መቀየሪያ ናት። በአየር መንገድ ቋንቋ ትራንዚታችን ናት።

ውጭ አገር መኖር ከጀመርኩ በኋላ ያ ጩኸት ይረብሸኝ ነበር። «አንድ ሰሌዳ ሰቅለው ቢገላገሉስ!» እያልኩ አልፌአለሁ። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ እናቴ ናት። ያስቀየረችኝም ጀርመን፣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ላይ ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ዕድሜዋም ከሰባ አልፏል። ጎጃምን ግን እንደ ጓሮዋ ታውቀዋለች። ለለቅሶ ሞጣ ትሄዳለች። ለንግሥ ዲማ ጊዮርጊስ ትሳለማለች። እኅቴን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ድረስ ብቻዋን ትመጣለች። አንድ ቀን እንኳ መንገድ ስታ አታውቅም። ምክንያቱም ጎጃም ውስጥ መንገድ በጆሮ ይታወቃል። የሚጣራ አለ፣ ትሰማለች። ያልሰማችውን ትጠይቃለች። የጠየቀችው ሰው ካላወቀ ሌላ ሰው ጠርቶ ይጠይቅላታል።

እኔ ወዳለሁበት አሜሪካ፣ ዴንቨር፣ በፍራንክፈርት በኩል ላመጣት ስወስን ይህን ሁሉ አላሰብኩትም። ያሳሰበኝ ቪዛው ነበር። እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው በጀርመን አየር ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ግን ከዚህ ነፃ ነው። እናቴ የአሜሪካ ቪዛ ስለነበራት አለፈች። ወላጅ ወደ ሌላ አገር የምትልኩ ሰዎች ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን አጣሩ። አዲስ አበባ ላይ በር ተዘግቶባቸው ወደ ቤት ከመመለስ ያድናቸዋል።

ቪዛው ካለቀ በኋላ ነው ፍራንክፈርትን በእናቴ ዓይን ማየት የጀመርኩት።

እኔ ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ። ተርሚናል አንድ ብቻውን ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዜድ በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል። ከኤ ወደ ቢ በምድር ውስጥ ዋሻ ይኬዳል። ዜድ ከኤ በላይ ነው፣ በደረጃ ወይም በአሳንሰር ይወጣል። ወደ ሌላ ተርሚናል ስካይላይን የሚባል ሾፌር የሌለው ባቡር ይወስዳል። አውሮፕላኑ ሩቅ ከቆመ ደግሞ ከሜዳው በአውቶቡስ ነው የምትመጡት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ እዚያም እንደገና ይፈተሻል። በዚህ ሁሉ መካከል አጭር ጊዜ ይበቃል ተብሎ ትኬት ይሸጣል። ማንበብና መሮጥ ለሚችል ሰው ይበቃ ይሆናል።

እዚያ ግን «ዴንቨር! ዴንቨር!» ብሎ የሚጣራ የለም። ሁሉ ነገር ሰሌዳ ላይ ነው። የበሩ ፊደልና ቁጥር ይጻፋል። ሲቀየርም በጽሑፍ ነው የሚቀየረው። ያነበበ ይደርሳል። ያላነበበ እዚያው አጠገቡ ቆሞ አውሮፕላኑ ይሄድበታል።

ያን ጊዜ ነው የደጀኑ ጩኸት ምን እንደሆነ የገባኝ። እኔ ሁካታ ብዬ የናቅሁት ነገር የእናቴ ሰሌዳ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እኩል የሚያነበው ሰሌዳ። ያንን ረዳት «ዝም በል» ብንለው መጀመሪያ የሚጠፉት እንደ እናቴ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አገር ቤት ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። አደራ። እናቴ ከቢቸና ስትነሳ ወንድሜ ረዳቱን «ደጀን ላይ የአዲስ አበባ መኪና ላይ አሳፍርልኝ፣ አደራ!» ይለዋል። ያ ረዳት ደጀን ሲደርስ ዘንቢሏን ይዞ፣ እጇን ይዞ፣ ለሌላው ረዳት ያስረክባታል። «እናቴ፣ እዚህ ይቀመጡ» ይላታል ያኛው። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። አደራ በልቶ ሰው ፊት መቆም ከባድ ስለሆነ ብቻ ነገሩ ይሠራል።

ፍራንክፈርትም አደራ አለው። እዚያ ግን በሕግ የተጻፈ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ደንብ ቁጥር 1107 አለ። አካል ጉዳት ያለበት ወይም በዕድሜ ምክንያት መንቀሳቀስ የሚቸገር መንገደኛ በነፃ እርዳታ ያገኛል ይላል። ከአውሮፕላን ይቀበሉታል፣ በፍተሻው ያሳልፉታል፣ እስከሚቀጥለው አውሮፕላን ያደርሱታል። የሚጠበቅባችሁ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ መናገር ነው። በአበሻ አፍ «ዊልቸር ማዘዝ» የምንለው ይኸው ነው።

እናቴ ስትሰማ ተቆጣች። «እኔ እግሬ ተቆርጧል እንዴ? ገበያ በእግሬ እየሄድኩ በወንበር ልገፋ?» አለችኝ በስልክ። አልፈረድኩባትም። በእኛ አገር ሰው የሚሸከሙት ሲታመም ነው። ብዙ ለመንኳት። «እማ፣ ጉልበትሽ ዳገት ላይ እንደሚያስቸግርሽ አውቃለሁ። እዚያ ያለው መንገድ ደግሞ አያልቅም። አደራ የሚቀበልሽ ሰው ነው በይው» አልኳት። አደራ የሚለውን ስትሰማ ለሰስ አለች።

ማሩ ሌላ ጭቅጭቅ ነበር። የጎጃም ማር በእጅ ይዞ ለልጅ ልጅ መስጠት ክብር ነው። ፍተሻው ላይ ግን ማር እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ አይያዝም የሚለው ደንብ አውሮፓ ውስጥ የገባው በዚያው በ2006 ነው። ማሩ ተጠቅልሎ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ገባ። ፍተሻ ላይ ማራቸውን ሲጥሉባቸው የሚያለቅሱ እናቶች አይቻለሁ። እናቶቻችሁን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሰዓቱንም አስቡ። ትኬቱ 10፡50 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ረፋድ 4 ሰዓት ከ50 ነው። ትኬቱን ያነበበላት ሰው «አሥር ሰዓት ነው» ቢላት ወደ ማታ አድርጋ ትጠብቀዋለች። እኅቴ በእኛ ሰዓት ተርጉማ በቃሏ አስጠናቻት። የበረራ ቁጥሯንና የእኔን ስልክ በወረቀት ጽፋ በአንገቷ አንጠለጠለችላት። በሁለቱ በረራዎች መካከል ከአምስት ሰዓት በላይ ተውኩ።

ትኬቱም አንድ ወጥ ነበር። ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። ከዓመታት በፊት ገንዘብ ለማትረፍ ብዬ ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ገዛሁ። የመጀመሪያው በረራ ዘገየ። ሁለተኛው ጥሎኝ ሄደ። አስተናጋጇ በትሕትና «ሁለቱ አይገናኙም» አለችኝ። ሌሊቱን ወንበር ላይ አደርኩ፣ ጠዋት አዲስ ትኬት ገዛሁ። ትኬቱ አንድ ቢሆን ኖሮ የማድረስ ኃላፊነቱ የእነሱ ነበር። ምግብና ማደሪያም ይሰጡኝ ነበር። እንደ ርቀቱና እንደ ምክንያቱ፣ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ለደረሰ ሰው እስከ 600 ዩሮ ካሳ የሚያስከፍል የአውሮፓ ሕግም አለ።

በሌላ ዓመት ደግሞ አባይ በረሃ ውስጥ መኪናችን ተበላሸ። በዚያ ሙቀት ግማሽ ቀን ተቀመጥን። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። አንዱ ቆሎውን አዞረ። ልጅ ያዘለችውን ሁሉም እየተቀያየረ አገዛት። ፍራንክፈርት ወንበር ላይ ስተኛ ማንም ዳቦ አልቆረሰልኝም። ግን ልብ በሉ፣ በረሃው ውስጥ የመኪናው ባለቤት ለማናችንም ምንም አልከፈለም። ደጀን መሽቶብን ስንገባ አልጋውን የከፈልነው ራሳችን ነን። አልጋ የሚከፍለው ያጣ መናኸሪያው በር ላይ አደረ። «ለምን?» ብሎ የጠየቀም የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ደግ ሕዝብ ስለሆንን የመንገደኛውን ኪሳራ ሁሉ መንገደኛው እርስ በርሱ እንዲሸፍነው ትተነዋል። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ሁሉ ሸክሙ የሚወድቀው በዚያችው ዳቦ ባላት ሴትዮ ላይ ነው። የትኬቷ ጀርባ ላይ «መኪናው ቢበላሽ ገንዘብዎ ይመለሳል፣ ቢመሽ ማደሪያ አለዎት» የሚል ተጽፎ፣ ረዳቱም ጮክ ብሎ ቢነግራት እወዳለሁ። ያኔ ዳቦዋን የምትቆርሰው ስለወደደች ብቻ ይሆናል።

እናቴ ዴንቨር በሰላም ደረሰች። «እንዴት ነበር?» አልኳት። «ሰው ሁሉ ይሮጣል። ማንም ማንንም አይጠራም» አለች። የገፋት ልጅ ቋንቋዋን አያውቅም። እሷ ግን እስኪለያዩ ድረስ ስትመርቀው እንደነበር ነገረችኝ። ውኃ አምጥቶላታል። ሲለያዩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት። «እናት ያሳደገችው ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ወንበሩ ክፉ ተናግራ አታውቅም።

ስትመለስ አብሬአት ሄድኩ። ፍራንክፈርት ላይ ወንበሩን እምቢ አለች፤ «አሁን አንተ አለህልኝ» ብላ። ከበር እስከ በር እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። ሰሌዳ ባየሁ ቁጥር ቆሜ ሳነብ፣ ቀና ብላ ፊቴን ታያለች። አዲስ አበባም አልለቀቀችኝም። አባይ በረሃን ስንወርድም እጇ እጄ ውስጥ ነበር።

ደጀን ወረድን። ፀሐይ ነው፣ አቧራ ነው። ሻንጣዎቹን ለመቁጠር ቆምኩ። ከመኪናዎቹ መካከል አንድ ልጅ «ቢቸና! ቢቸና!» ሲል ተሰማ። እናቴ እጄን ለቀቀችና ቀድማኝ ሄደች።