ይድረስ ለክቡር ፓውዛ

ከጎረቤቴ በር በላይ ለተሰቀሉት፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ ብርሃን በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። አምፑል አላበራሁም፤ ምን በወጣኝ! መጋረጃ ደረብኩ፣ በላዩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ፤ እርስዎ ግን በጠርዙ ሾልከው ግንባሬ ላይ ይቀመጣሉ። የሰፈሩ አውራ ዶሮ እንኳ ግራ ገብቶት በእኩለ ሌሊት ይጮኻል።

የመጡት ሌባ ሊከላከሉ ነው አሉ። ዘበኛው ዓይኑን ቢወጉት ጊዜ ጋቢውን እስከ አናቱ ተከናንቦ መተኛት ጀምሯል። ሌባውም ባትሪ ከመያዝ ተገላግሏል።

ብርሃን የምጠላ እንዳይመስልዎ። የእናቴ ማድ ቤት ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ሚስማር ተነቅሎ የቀሩ ቀዳዳዎች አሉት። ጠዋት ምድጃው ሲጨስ በየቀዳዳው የገባው ጨረር እንደ ሸማኔ ድር ተወጥሮ ይታያል። ወዲያ ማዶ ግድግዳው ላይ ደግሞ የብርሃን ሳንቲሞች ይለጠፋሉ። ቀዳዳው ቢጣመም ሳንቲሙ ክብ ነው፤ መልኩ የፀሐይዋ እንጂ የቀዳዳው አይደለምና። ሰኔ 14 ቀን 2012 ጠዋት ጨረቃ ፀሐይን ስትጋርድ፣ ላሊበላ ላይ ቀለበት ታየ፤ እኛ አዲስ አበባ ማድ ቤት ውስጥ ሳንቲሞቹ ሁሉ ማጭድ ሆኑ። እናቴ ሊጥ የነካ እጇን ዘርግታ አንዱን ማጭድ መዳፏ ላይ ተቀበለችው። ቡናው ገነፈለ፤ የተቆጣ አልነበረም።

እርስዎስ? በእርስዎ ሥር በርበሬ አመድ ይመስላል፣ ሙሽራ በሽተኛ። ነጭነትዎ በቢጫ ዱቄት የተሸፈነ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን አምፑል (ኤል ኢ ዲ) የፈለሰፉት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ይገባቸዋል። እነሱ ምን ያድርጉ፣ ወደ እኔ መስኮት አዙረው አልሰቀሉዎት።

አሁን አሁን መብራት ሲጠፋ መንደሩ ሲያማርር እኔ በረንዳ ላይ ወንበር አወጣለሁ። ከዋክብት አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ፊት ለፊት ቤት ሻማ ይለኮስና የአንዲት ልጅ ጥላ ግድግዳው ላይ ከጣሪያ በላይ ረዝሞ ደብተር ይገልጣል። እርስዎም ጨልመው ሲያዩዎት ምንም አይሉም፤ አቧራ የጠጣ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ነዎት።

ልመናዬ አንድ ነበር፤ አንገትዎን ወደ መሬት አንድ ስንዝር ዝቅ ያድርጉልኝ። ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ግን ጌታዎ መብራት መጥፋቱ ስለ መረራቸው በምትክዎ ባለ ሶላር መግዛታቸውን ሰማሁ። ቀን ሙሉ ከዚያችው ከእናቴ ፀሐይ እየጠጣ ሌሊት እኔ ላይ ሊያፈስስ ነው።

እንግዲህ ደብዳቤውን ለተተኪዎ ያስተላልፉልኝ። ማንበቢያ ብርሃን አይቸግረውም።

አክባሪዎ፣
የፊት ለፊቱ መስኮት ባለቤት