ታንኳ ላይ ብድግ አይባልም

ነገሩ የተበላሸው ገና ከቃሉ ነው። ጋሼ «ሰመር» አሉ፤ እኔ «ክረምት» ብዬ ሰማሁ። ሁለታችንም ልክ ነበርን። ወሩ አንድ ነው፤ ሐምሌ። ብቻ እሳቸው ሐምሌ ሲሉ የሚታያቸው ቁምጣና የፀሐይ መነጽር ነው። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሐምሌ ሲባል የሚታየኝ ጭጋግ የዋጠው የጦሳ ተራራና ሦስት ቀን ገመድ ላይ ውሎ ያልደረቀ ካልሲ ነው።

ጋሼ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል። እንደሄዱ ሰሞን አንድ ሰመር የታንኳ ሎጅ ውስጥ ሠርተዋል። ከካናዳ ጋር በሚያዋስነው ድንበር ላይ ነው፤ አካባቢው ባውንደሪ ዋተርስ ይባላል። ከ1 ሚሊዮን ኤከር በላይ ዱር፣ ከ1,000 በላይ ሐይቅ። አብዛኛው ሐይቅ ላይ ሞተር ክልክል ነው። ጣሳና ጠርሙስ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከ9 ሰው በላይ አንድ ላይ መሄድም ክልክል ነው። ሰዉ ለዚህ ሁሉ ክልከላ ፈቃድ አውጥቶ፣ ከፍሎ ነው የሚገባው። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። «ሦስት ቀን ቀዝፈህ አንድ ሰው ላታይ ትችላለህ!» ይላሉ።

ለእናቴ ነገርኳት። «ውይ በሞትኩት! ማን ነው እንደዚያ የጣላቸው?» አለች።

እንግዲህ ያንን ሎጅ ነው አምጥተው ሐይቅ ዳር የተከሉት። ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከተማውም ውሃውም ስማቸው ሐይቅ ነው። አራት ጎጆ፣ ስድስት ታንኳ፣ አንድ ጀነሬተር። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ክረምት ላይ መምህር እንዴት እንደሚኖር ታውቃላችሁ። ደመወዙ ሐምሌ 5 ላይ ያልቃል፤ እሱ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ መቆየት አለበት። «ስለ ሐይቁ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁኝ። እንዴታ! ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ እንደሆነ ነገርኳቸው። ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ እንደሌለውም ነገርኳቸው። የጋሼ ገንዘብም ልክ እንደዚያው ገብቶ እንደሚቀር ያኔ ሁለታችንም አላወቅንም። ዋና መቻሌን ግን አልጠየቁኝም። እኔም ያልተጠየቅሁትን አልመለስኩም።

የመጀመሪያ ሥራዬ በር ላይ የሚሰቀለውን ሰሌዳ ማጻፍ ነበር። «ዊልደርነስ ካኑ ሎጅ የሚለውን አማርኛ አድርገው» አሉኝ። ካኑ ቀላል ነው፤ ታንኳ። ሎጅም ሎጅ ነው። ዊልደርነስ ላይ ሁለት ቀን ቆምኩ። «በረሃ» ብዬ ሞከርኩ። ሰሌዳውን የሚጽፈው ልጅ ሳቀብኝ። «ቲቸር፣ በረሃማ ወደ ባቲ ስትወርድ ነው፤ እዚህ እኮ ብርድ ነው» አለኝ። «ዱር» እንዳልል ዱር የገባ ሰው ስሙ ሌላ ነው። «ጫካ» ብዬ ደግሞ ቀበሌ ልጠራ ነው? በመጨረሻ ግዕዝ ትዝ አለኝ። ገዳም! ገዳም ማለት እኮ በግዕዝ ራሱ ዱር፣ ምድረ በዳ ማለት ነው። ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። ጋሼ መልስ አልሰጡኝም። ዝም ብለው ወደ ማዶ አዩ።

ማዶ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት ገዳም ነው። ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባል። ዙሪያው ውሃ፣ ውስጡ ጸጥታ። አንድ ቀን በደጃችን ሲያልፉ የነበሩ አባት ቆም ብለው ምን እንደምንሠራ ጠየቁን። ጋሼ አስረዷቸው። ሰው ከዓለም ርቆ፣ ስልኩን ዘግቶ፣ ከተፈጥሮ ጋር ብቻውን የሚሆንበት ነው አሉ። ዋጋውንም ነገሯቸው። አባ ትንሽ አሰቡ። «እኛ ጋ እኮ በነጻ ነው» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የአሜሪካኖቹ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው፣ ዊልደርነስ ማለት ሰው እንግዳ ሆኖ ገብቶ የሚወጣበት እንጂ የማይኖርበት ቦታ ነው ይላል አሉ። ሐይቅ ባለበት ወረዳ፣ ተሁለደሬ ውስጥ እንደዚህ ያለ ቦታ አምጣ ብትሉኝ ከየት አባቴ አመጣለሁ? ዛፍ ሥር ለሽንት ብትቆም እንኳ ከኋላህ «ደህና ዋልህ ወንድምዓለም?» የሚል አይጠፋም። መልስ ካልሰጠህ ደግሞ አሞት ይሆን ብሎ ይጠጋሃል።

ሰሌዳው «የታንኳ ሎጅ» ተብሎ ተሰቀለ።

ጋሼ አንድ ሳምንት አሠለጠኑኝ። መቅዘፊያ አያያዝ፣ ላይፍ ጃኬት አስተሳሰር፣ ታንኳ ማዞር። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሕግ፤ ታንኳ ላይ አይቆምም። እንግዳ ባሳፈርኩ ቁጥር ይህን ሳልናገር ከዳር እንዳልነሳ አስማሉኝ።

የመጀመሪያ እንግዶቻችን ከደሴ የመጡ ሦስት የቢሮ ሰዎች ነበሩ። ቅዳሜ ነው፤ ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ብሏል። ሕጉን ነገርኳቸው፤ ገባቸው። እኔ ከኋላ ሆኜ እየቀዘፍኩ ከዳር ሃያ እርምጃ ያህል ገባን። በዚህ መሀል ከፊት ለፊታችን አንድ አሳ አጥማጅ ሽማግሌ አሳፍሮ መጣ። ነጭ ጥምጣም፣ ነጭ ጋቢ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ሼህ ይሁኑ ቄስ ከሩቅ አይለይም። ወሎ ውስጥ ቢለይም ለውጥ የለውም፤ ይነሱላቸዋል።

«ኖር!» አለ አንደኛው። ሦስቱም ብድግ አሉ።

እኔስ? እውነቱን ልናገር። አፌ «ኧረ ቁጭ በሉ!» እያለ መቀመጫዬ ተነስቶ ነበር። የሠላሳ ዓመት አስተዳደግ በአንድ ሳምንት ሥልጠና አይነቀልም። ሽማግሌው ከሩቅ እጃቸውን እያወዛወዙ «በእግዜር! በአላህ! አትነሱ ልጆቼ!» ይላሉ። እኛ ግን ተነስተን ጨርሰናል። ቀጥለን ገብተን ጨረስን። ውሃው ደረት ድረስ ነበር እንጂ ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነው። ብቅ ስል ሽማግሌው «እኔን! ለእኔ ብላችሁ!» እያሉ ሊረዱን ብድግ ሲሉ፣ አሳ አጥማጁ ጋቢያቸውን ጨምድዶ ቁልቁል ሲጎትታቸው አየሁ። ከዚያ የእኛን የተገለበጠ ታንኳ በመቅዘፊያው ጠቅ ጠቅ አደረገና «ይኼ እኮ ሳህን ነው» አለኝ።

ጋሼ ዳር ላይ ቆመው ጠበቁን። «ለምን ቆማችሁ?» አሉ። «ትልቅ ሰው እያለፉ ነበር» አልን፤ ውሃ እየተንጠባጠብን። ጋሼ የሚሉት ጠፋቸው። በማግስቱ በትልቁ አጽፈው አሰቀሉ፤ «ታንኳ ላይ ብድግ አይባልም። ሽማግሌ ቢያልፍም።» ሳይመሽ አንድ ሰው ከሥሩ በከሰል ጨመረበት፤ «አሳዳጊ የበደለው»።

ስለ ፖርቴጅም ልንገራችሁ። ባውንደሪ ዋተርስ ላይ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው የሚኬደው ታንኳውን አናት ላይ ገልብጦ በመሸከም ነው። ርቀቱንም የሚለኩት ሮድ በሚባል ነገር ነው፤ አንዱ ሮድ 5 ሜትር ገደማ ነው። ጋሼ ይህንን ከሐይቅ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ልናደርገው ወሰኑ። አርዲቦ ከላይ ነው፤ ውሃው ወደ ሐይቅ ይወርዳል። እኛ ሽቅብ። በሐምሌ ጭቃ።

ጋሼ ታንኳውን አናታቸው ላይ ገልብጠው ቀደሙ። እኔና ሁለት እንግዶች ከኋላ ነን። መጀመሪያ ያዩን ልጆች «ታንኳው እግር አወጣ!» ብለው አገሩን በጩኸት ሞሉት። አረም ላይ የነበሩ ጎረምሶች ቀና ብለው ሲያዩ ከሥር ሽበት አለ። «ኧረ ነውር ነው! ትልቅ ሰው ተሸክሞ እኛ ቆመን!» ስድስት ሆነው ነጠቋቸው። ጋሼ «ኖ፣ ኖ፣ ራሴ ነኝ የምሸከመው፣ ዋናው ነገር እሱ ነው» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ታንኳውን አቅንተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ሻንጣዎቹን ውስጡ አስተኙ። ዝናብ ስለመጣ ከላይ ጋቢ አለበሱት።

አስቡት እንግዲህ። ስድስት ሰው በትከሻው የያዘው ረዥም ነገር፣ ጋቢ የለበሰ። ከኋላ አንገታቸውን የደፉ ሰዎች፤ እኛ የደፋነው ለዝናቡ ነው። በሁለተኛው መንደር አንዲት እናት ከደጃቸው ብቅ አሉ፣ አዩን፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ዋይ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። ሰው በሰው ላይ ተጨመረ። አንድ አባወራ ተጠግተው በሹክሹክታ «ማን ናቸው?» አሉኝ።

«ኧረ ታንኳ ነው አባባ።»

«ነፍስ ይማር። የማን ወገን ናቸው?»

አርዲቦ ስንደርስ ከአርባ ሰው በላይ ነበርን። ከ9 በላይ ክልክል ነው የሚለውን ሕግ ጋሼ አላነሱትም። ጋቢው ተገልጦ ሻንጣ ሲወጣ ትንሽ ግራ መጋባት ነበር፤ ከዚያ ሳቅ ሆነ። ቢሆንስ፣ ይህን ያህል መንገድ በዝናብ የሸኘንን ሰው በባዶ አፉ ይመለስ ይባላል? የእንግዶቹ የሦስት ቀን ስንቅ እዚያው ወጣ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ቆሎው ዞረ። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም፣ ታንኳውም ጭምር፣ ቁልቁል ተመለስን። አርዲቦ ላይ መቅዘፊያ አልነካንም።

የሎጁ ምግብ ቤት የተለየ ታሪክ የለውም። አንድ ነገር ብቻ። ወሎ ውስጥ እንግዳ ስትቀበል ሥጋውን ማን ባረከው የሚለው ጣጣ አለ፤ ሁለት ድስት ይጣዳል። አሳ ግን አይታረድም። ስለዚህ የቆሮሶ ጥብስ ስናቀርብ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ በላ። ጋሼ በዚህ ብቻ ሊከብሩ ነበር። ከዚያ ነሐሴ 1 መጣ፤ ፍልሰታ ገባ። አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ከየጠረጴዛው ተነሳ። የምትጾመውን ሁሉ አብስላ የማትቀምስ ወጥ ቤት ነበረችን፤ ጨው ሲበዛ ማን ይፍረድ? «ለጨውማ እኛ አለን» ብለው ሁለት ሙስሊም ጎረቤቶች እስከ 15 ድረስ በየቀኑ መጥተው ቀመሱላት። ሙሉ ሙሉ ሳህን ነበር የሚቀምሱት።

ጋሼን ያሸነፋቸው ግን አንድ እንግዳ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ መጣ። ሥራ የሰለቸው፣ ስልኩን የዘጋ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ድምፅ መስማት የማይፈልግ። ጋሼ ሲያዩት ሚኒሶታ ትዝ አላቸው መሰለኝ ሊያቅፉት ምንም አልቀራቸው። ማዶ ወሰድኩት፤ ድንኳን ተከልኩለት። «ማንም እንዳይመጣ» አለኝ። «ማንም» አልኩ።

በማግስቱ ደህና ማደሩን ለማየት ሄድኩ። ድንኳኑ ባዶ ነው። ሆዴ ቁርጥ አለ። 80 ሜትሩ ትዝ አለኝ። ሮጬ ዳገቱን ስወጣ ካንድ ቤት የቡና ጭስ ይሸተኛል። ገባሁ። ሰውዬው የቤቱ ጌታ መስሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቂጣ ይገምጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እረኞች መጥተው አሥር እርምጃ ላይ ተቀምጠው አዩት። «ሂዱ» አላቸው። አምስት እርምጃ ራቅ ብለው ማየታቸውን ቀጠሉ። እነሱ ናቸው ሄደው ለእማማ የነገሩት። እማማ በዝናብ ላስቲክ ለብሰው፣ ጀበናቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወረዱ። «ብቻዬን ልሁን ብዬ ነው» ሲላቸው «ምን አጠፋህ ልጄ?» አሉት። ከዚያ አንስተው ወሰዱት። ማታ ጎረቤት ወዳጃ ነበር፣ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት፤ እዚያ አመሸ፣ ተመረቀ።

እማማ እኔን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «አንተ! ቲቸር ነኝ እያልክ! የሰው ልጅ ገንዘቡን ተቀብላችሁ ሜዳ ላይ ትጥሉታላችሁ?»

ምን እላለሁ። ቁጭ በል አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። ቶናው ደርሶልኝ ነበር።

ሰውዬው አልተመለሰም። 19 የሐምሌ ገብርኤል ዝክር አለ ተብሎ ሁለት ቀን ጨመረ። እስኪሄድ ድረስ ደመወዙ፣ የጨጓራው ነገርና ያለማግባቱ ምክንያት በቀበሌው ታውቋል። ሦስት ልጆችም ታጭተውለታል። የሎጁን ሒሳብ ሙሉውን ከፈለ። ለእማማ ደግሞ አምስት ኪሎ ስኳርና ቡና ላከላቸው። ሲሰናበተን «ቀጣይ ዓመት እመጣለሁ» አለ። ጋሼ ፊታቸው በራ። «ስንት ቀን ልያዝልህ?» ሲሉት «አይ፣ እማማ ጋ ነው የማርፈው» አለ።

ጳጉሜ ላይ ሎጁ «ለጊዜው» ተዘጋ። እኔም ወደ ጠመኔዬ ተመለስኩ።

ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሐይቁ እንደ መስተዋት ተኝቶ ሳለ በዚያ አለፍኩ። እማማ ደጃፍ አንዱ ታንኳ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ውስጡ በርበሬ ተሰጥቷል፤ ቀይ ዛላ ጫፍ እስከ ጫፍ። ጋሼ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ።

«ቲቸር» አሉኝ ፀሐይዋን እያዩ፤ «ለካ ሰመር አሁን ነው?»

«በጋ ነው የሚባለው ጋሼ።»

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ተሰማ። ዞር ስል ነጭ ጥምጣም፣ ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ። ያ ሐይቅ መሀል ያገኘናቸው ሽማግሌ ለቡናው እየመጡ ነው።

«ኖር!» አሉ ጋሼ፣ ብድግ።

ታንኳው ተገለበጠ። በርበሬው ከነዛላው ግቢውን ሞላው። እማማ «ወይኔ በርበሬዬን!» ሲሉ ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው፣ «በእግዜር… በአላህ…» ይላሉ።