ማስተካከያ፦ ወደ ስዊድን ኮስተር ደሴቶች የሚወስደው ጀልባ በክፍያ ነው፤ የጎብኚ መኪናም አይጭንም

«በስዊድን ምዕራብ ጠረፍ፣ በቡሁስሌን፣ ጀልባ ሁሉ ነፃ ነው፤ መኪናችሁን ይዛችሁ ኮስተር ግቡ» የሚል መልእክት በስፋት እየተዘዋወረ ነው። ስህተት ነው። የሚከተለው ከስዊድን ትራንስፖርት አስተዳደርና ከጀልባ አገልግሎቱ ይፋዊ የጉዞ መረጃ የተወሰደ ነው።

ነፃ የሆኑት የመንግሥቱ ቢጫ የመንገድ ጀልባዎች ናቸው። ወደ ሊሴሺል ከተማ ሲኬድ የጉልማርን ፊዮርድን (ወደ የብስ ዘልቆ የገባ ጠባብ የባሕር ክንድ) የሚያሻግረው አንዱ ነው። ቲኬት አይቆረጥም፤ ቀዩ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን በተራ ይጠበቃል። ከተጫናችሁ በኋላ ሞተር አጥፍታችሁ የእጅ ፍሬን ሳቡ።

ወደ ኮስተር ደሴቶች የሚወስደው ግን ከስትሮምስታድ ከተማ ወደብ የሚነሳ፣ በክፍያ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ነው። ጎብኚ ደሴቶቹ ላይ መኪና መንዳት ስለማይፈቀድለት መኪናው ከተማው ውስጥ ይቀራል። በበጋ ወደቡ አካባቢ ማቆሚያ ቶሎ ስለሚሞላ ከመነሻው ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ የግድ ነው፤ ትልቁ ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ሻንጣችሁንም በእጅ መያዝ በምትችሉት ልክ አድርጉት።

ጀልባው ከአንድ በላይ ማራገፊያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመውን የኮስተርሃቬት የባሕር ብሔራዊ ፓርክ የጎብኚዎች ማዕከል የምትፈልጉ ደቡብ ኮስተር፣ ኤኬኔስ ላይ ውረዱ። እዚያ ብስክሌት መከራየት ይቻላል። ወደ ማርስትራንድ ደሴት የሚያሻግረው አጭሩ ጀልባም እንዲሁ በክፍያ ነው።