ወጣልዎ!

ጅማ ውስጥ ሰው መሃል አንድ ጊዜ ካገሱ ሐኪም አይቸግርዎትም። ሁለተኛውን ሳይደግሙ ቡና ሊጠጣ የተሰበሰበው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዷ ጤና አዳም ልትቆርጥ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። አንዱ ጥቁር አዝሙድ በማር ነው ይላል፤ ያውም በጅማ ማር፣ ያውም እህቱ ከምትሸጠው። ሌላው በባዶ ሆድ ነጭ ሽንኩርት ያዝዛል። ከወዲያ ጥግ የተቀመጡት ሃጂ ደግሞ ዝንጅብል ካልሆነ አይሆንም ብለው ይምላሉ። የት እንደሚያምዎት የሚጠይቅ የለም። እሱ የሆስፒታል ሥራ ነው።

እኛ ጡረተኞች ለዚህ ሕክምና የተመቸን ነን። ድሮ ስንገናኝ ስለ ደመወዝ እናወራ ነበር፤ ቀጥሎ ስለ ልጆች ሆነ፤ አሁን ስለ ሆድ ነው።

«እንዴት አደርክ?»

«ተነፍቼ አደርኩ።»

«ቃሩስ?»

«ቃሩማ እዚህ ደርሷል» ይልና ማንቁርቱን ያሳያል። ከዚያ ሁለቱም ያገሳሉ። አንዱ ተመስገን፣ ሌላው አልሐምዱሊላህ ይላል። ሰላምታው አለቀ።

ችግሩ ግሳት ቦታ አለመምረጡ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የሽማግሌ ሆድ ግን ብቅልም አይጠብቅ። ለአንድ የጎረቤት ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ሽማግሌ ተልከን ሄድን። የልጅቷ አባት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ለመሆኑ የልጁ ጠባይ እንዴት ነው?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ልመልስ አፌን ስከፍት ጨጓራዬ ቀደመኝ። አጭር አልነበረም። ቤቱ ጭጭ አለ። የዕድራችን ዳኛ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። ፈጠን ብለው፣ «ጠባዩማ እንዲህ ነው፤ ሰምተውት እፎይ የሚሉበት ልጅ ነው» አሉ። ልጅቷን ሰጡን።

የሚገርመኝ መድኃኒቱን የምንለካው በድምፅ መሆኑ ነው። ተልባ ጠጥቶ ዝም ያለ ሰው «አልሠራለትም» ይባላል። አምቦ ውሃ ጨልጦ ቤቱን ያናወጠ ግን «ወጣልዎ! ወጣልዎ!» ተብሎ ይጨበጨብለታል። ምን ወጣለት? አሁን ከጠርሙሱ የገባው ጋዝ ነዋ! ቤኪንግ ሶዳም ያው ነው። ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆንና በመጣበት ይመለሳል። እኛ ግን የከረመ በሽታ ነቅሎ የወጣ ይመስል እናመሰግናለን።

በመጨረሻ ልጄ ጎትታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ከስተዋል ወይ? ሲውጡ ይተናነቅዎታል? ሰገራዎ ጠቁሯል? ደም አስመልሰዋል? እያለ ጠየቀኝ። ሁሉንም የለም አልኩ። እሱ ግን ከ60 ዓመት በኋላ ለጀመረ የጨጓራ ሕመም ኢንዶስኮፒ ማየት ይሻላል ብሎ ቱቦ ከነካሜራው ሊያስውጠኝ ቀጠሮ ሰጠኝ። ለጉልበቴ የምውጠውን ዳይክሎፌናክም አስቆመኝ። ጉልበት ሲያስታግስ ጨጓራ የሚልጥ መድኃኒት መሆኑን ያኔ ሰማሁ። ፋርማሲው በር ላይ ስንገዛ ይኼን ማን ይነግረናል!

«ሰገራም ይዘው ይምጡ፤ ባክቴሪያ እናያለን» አለ። ኤች ፓይሎሪ መሆኑ ነው። ጠዋት እቃዋን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ በፈረንጅ አራዳ በኩል ሳዘግም የድሮ የሥራ ባልደረባዬ አይገጥመኝም! «ምን ይዘሃል? ማር ነው?» አለኝ። አይ ብለው አላመነኝም። «ከየት አገኘኸው? ለእኔም ያዝልኝ» እያለ ግማሽ መንገድ ሸኘኝ።

ይቺን ባክቴሪያ የጨጓራ ቁስለት ታመጣለች ሲሉ መጀመሪያ ብዙ ሐኪም አልተቀበለም ነበር። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ሰው አላምን ቢለው እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያዋን በብርጭቆ ጠጣት። በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ሸለሟቸው። እኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ገና ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ እርጎ ይግቱት ነበር።

እኔም ላይ ተገኘች። ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ከአሲድ መቀነሻ ጋር ሁለት ሳምንት ዋጥኩ። ካሜራውም ክፉ ነገር አላየም። ቃሩ ሄደ። ግሳቱ ግን ርስቱ ይመስል አልነቀል አለ።

ሐኪሙ ይኼኔ ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ «ጋሼ ተኝተው ያገሳሉ?» አላት።

«ኧረ ተኝቶስ ያንኮራፋል» አለችው።

ልጁ ሳቀ። ነገሩ የገባው ከዚህ ነው። እንቅልፍ ላይ የሚጠፋው ግሳት ብዙ ጊዜ ከጨጓራ የሚነሳ አይደለም አለኝ። ሰው ሆዱ ከበድ ሲለው ይቅለለኝ ብሎ ሳያውቀው አየር ወደ ጉሮሮው ይስባል፤ ወዲያው መልሶ ይለቀዋል። እየቆየ ልማድ ይሆናል። በዚያ ላይ ፈጥኖ የሚበላ፣ እየበላ የሚያወራ፣ የላላ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረገ ሰው ከምግቡ ጋር አየር ይውጣል። ጤነኛ ሰውም በቀን እስከ 30 ጊዜ ቢያገሳ አያስደንቅም አለኝ። እኔ 30ውን ከቁርስ በፊት እጨርስ ነበር።

ትእዛዙ ለሐኪም ቀላል ነው። እጅ ሆድ ላይ አድርጎ፣ ደረት ሳይነሳ በሆድ ቀስ ብሎ መተንፈስ። አፍ ገጥሞ ማኘክ። ለስላሳና አምቦ መተው። በልቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይቆዩ አለመተኛት። የአልጋውን ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ። ይኼን የመጨረሻውን ጡብ አስገብቼ ፈጸምኩት። ባለቤቴ ሌሊት ወደ ግርጌ እየተንሸራተተች ጠዋት እግሬ ሥር ትገኛለች። ለቃሩ ብሎ ቡናም ቀነስ ያድርጉ ሲለኝ ግን የት እንደምንኖር የረሳ መሰለኝ። የድሮው የካፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ተቀምጦ ከአቦል በኋላ መነሳት! ደግነቱ ሁሉንም ሰው አይጎዳም፤ ካልተስማማዎት ብቻ ነው ብሎ አስተካከለው። አልተስማማኝም ብዬ የምፈርም እኔ አይደለሁም።

መተንፈሱ ሠራልኝ። አፍ ገጥሞ መብላቱም ሠራልኝ። ያልሠራው ከሰው ጋር ነው። በእኛ ማዕድ ዝም ብሎ የሚበላ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ቂም ይዟል። አላምጬ ሳልጨርስ ጉርሻ ይመጣል። በቃኝ ስል አንድ ጉርሻ ያጣላል ይሉኛል፤ ሁለተኛው ሲገባ አየሩም አብሮ ይገባል። «ምን ሆነሃል? አትጫወትም እንዴ?» ይላሉ። እየበላሁ ከተጫወትኩ አገሳለሁ፤ ዝም ካልኩ አኮረፈ እባላለሁ።

በዚህ መሃል ከሚስቱ ጋር ተጣልቷል የሚል ወሬ ዕድሩ ጋ ደረሰ። ዝምታዬንና ሆዴን ይዤ መተከዜን ሰው አይቷል። አንድ እሁድ የዕድሩ ዳኛ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሊያስታርቁን መጡ። ባለቤቴ ምሳ አቀረበች። እሳቸው ስለ ትዳር ክቡርነት እያወሩ፣ እያወሩም እየጎረሱ፣ እየጎረሱም አምቦ እየጠጡ ቆዩና መሃል ላይ አንዴ ለቀቁት። እኔ ሽምግልና ላይ ካሰማሁት ይበልጣል።

«ይቅርታ፣ ይቺ ጨጓራ...» አሉ።

«ጋሼ፣ አየር እየዋጡ ነው» አልኳቸው። «አፍዎን ገጥመው ቀስ ብለው ያኝኩ። አምቦውንም ይተዉት።»

ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንከው?» አሉና ወደ ባለቤቴ ዞረው፣ «እስቲ ልጄ፣ ጓሮሽ ጤና አዳም አይጠፋም» አሏት።