ጉንፋን ከብርድ አይመጣም፤ ልጅቷን ቤት አትቆልፊባት

«ለገና ሦስት ሳምንት ስለቀረ ልጄን ከቤት አላወጣም፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ጉንፋን ያስይዛታል» ያልሽው እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ላርም።

ጉንፋን የሚያሲዘው ቫይረስ ነው። ከ200 በላይ ዓይነት አለው። በሳል፣ በማስነጠስና በእጅ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ብርዱ ቫይረሱን ሊያግዘው ይችላል፤ ያለ ቫይረሱ ግን ጉንፋን የለም። በታኅሣሥ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ውርጩን ሸሽተን አንድ ክፍል ውስጥ ስለምንታፈግ ነው። እስቲ ቡና የሚፈላበትን ክፍል አስቢው። ከሰሉ ይጨሳል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ የገባው ጎረቤት ሁሉ የልጅቷን ጉንጭ ይስማል። እኔን ከደጅ ጨዋታ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ረፋድ ላይ ፀሐይ ሞቅ ሲል ሹራብና ኮፍያ አልብሻትና ከአንድ ሁለት ልጆች ጋር ደጅ ትጫወት። የሁለት ዓመት ልጅ እኮ ጓደኛ ትፈልጋለች። ስትገባ እጇን በሳሙና 20 ሰከንድ ያህል እጠቢላት። ንፍጡ የሚወርድ ልጅ ካለ ጨዋታው ለሌላ ቀን ይደር፤ እናቱ አትቀየምሽም። ሰው ከሚበዛበት ቦታ መራቁን ከገና በፊት ላለው የመጨረሻ ሳምንት አድርጊው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አያስፈልግም። ጉንፋን ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ከገባ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ነውና ምልክቱ የሚታየው።

«ከያዛት አሞክሳሲሊን አለኝ» ያልሽውም ይቅር። አሞክሳሲሊን የባክቴሪያ መድኃኒት (አንቲባዮቲክ) ነው፤ ቫይረስ አይገድልም። ትንፋሿ በደቂቃ 40 ከደረሰ፣ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጠጣት ካቃታት ግን የበዓል ዋዜማ ነው ሳትይ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።