ፖርቱጋሎች በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተከሉት ኬላ

ቫስኮ ዳ ጋማ በግንቦት 1498 በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ካሊከት ወደብ ደረሰ (ዓመታቱና ወሮቹ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ለከተማዋ ገዥ ለዛሞሪን ያሰናዳው እጅ መንሻ ተመዝግቦ ቆይቷል፦ 12 ቁራጭ ባለመስመር ጨርቅ፣ 4 ቀይ ቆብ፣ 6 ባርኔጣ፣ 4 ክር የኮራል ጨሌ፣ 6 የእጅ መታጠቢያ ሳህን የያዘ ሣጥን፣ አንድ ሣጥን ስኳር፣ 2 በርሜል ዘይትና 2 በርሜል ማር። ስጦታውን አስቀድመው ሊያዩ የመጡት የገዥው ሰዎች ሳቁ። ከመካ የሚመጣ ድሀ ነጋዴ እንኳ ከዚህ የተሻለ እንደሚያመጣ፣ ለዛሞሪን የሚገባው ወርቅ እንደሆነ ነገሯቸው።

ስለ አውሮፓውያን የባሕር ጉዞ በተነሣ ቁጥር ሁለት ነገሮች ይደጋገማሉ። አንደኛው ዳ ጋማ የዓለምን ንግድ ከፈተ የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ አፍሪካን በደቡብ የሚዞረው መንገድ የቀይ ባሕርን ንግድ ወዲያው ገደለው የሚለው ነው። ሁለቱም አያስኬዱም። ካሊከት ላይ የተዘጋ ንግድ አልነበረም፤ የጉጀራት፣ የአረብ፣ የፋርስ፣ የስዋሂሊና የማላባር ነጋዴዎች ወደቡን ሞልተውት ነበር። ፖርቱጋሎች ግን ከአውሮፓ ያመጡት ሸቀጥ ገበያ የሚያነሣ አልሆነም። አዲስ ነገር ያመጡት በሌላ በኩል ነው፤ በባሕሩ ላይ ኬላ ተከሉ። ከዚያ ወዲህ ለሆነው ነገር ቁልፉ ይህ ኬላ ነው፣ ታሪኩ ሲነገር የሚታለፈውም እሱ ነው።

ጉዞው ራሱ ታላቅ የመርከበኝነት ሥራ እንደነበር መካድ አይቻልም። አራት መርከቦች በሐምሌ 1497 ከሊስቦን ተነሡ። ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች በኋላ የአፍሪካን ዳርቻ ከመከተል ይልቅ ወደ አትላንቲክ መሐል ሰፊ ቅስት ሠርተው ወጡ፤ በዳርቻው በኩል ነፋሱም ሞገዱም ፊት ለፊት ይመጣባቸው ነበርና። በዚህም ሦስት ወር ያህል የብስ ሳያዩ ቆዩ። በዛሬዋ ኬንያ ካለችው ከማሊንዲ እስከ ካሊከት ግን ውቅያኖሱን የሚያውቅ መሪ ስለተሰጣቸው ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ተሻገሩ።

ስህተቱ የመጣው ሲመለሱ ነው። ወደ ምዕራብ የሚወስደው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚጸናው ከኅዳር አካባቢ ጀምሮ ነው፤ የአገሩ መርከበኛ ያንን ጠብቆ ይነሣል። ዳ ጋማ በጥቅምት መጀመሪያ ተነሣ። በ26 ቀን የመጡበትን ባሕር ለመመለስ ሦስት ወር ፈጀባቸው፣ 30 ያህል ሰውም ሞተ። የገደላቸው አትክልትና ፍራፍሬ በማጣት የሚመጣው የስከርቪ በሽታ ነው፤ ድድ አብጦ ጥርስን ይሸፍናል፣ እግር ያብጣል፣ ሰውነት ይዝላል። ማሊንዲ ሲደርሱ ለሕሙማኑ ብርቱካን እንዲመጣላቸው ጠየቁ፤ ለብዙዎቹ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ለሦስት መርከብ የሚበቃ ሰው ስላልቀረም ሳኦ ራፋኤል የተባለውን መርከብ ራሳቸው አቃጠሉት።

በሸቀጥ ያልበለጡበትን ባሕር ታዲያ በምን ያዙት? መልሱ መርከቡ የተሠራበት መንገድ ላይ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ መርከቦች ብዙዎቹ ሳንቃቸው የሚያያዘው በምስማር ሳይሆን ከኮኮናት ቃጫ በተገመደ ገመድ ተሰፍቶ ነበር። ለንግድ ይህ ብልህ አሠራር ነው፤ መርከቡ ማዕበል ሲመታው ይለጠጣል፣ አሸዋ ላይ ሲቀመጥ አይሰነጠቅም፣ በየወደቡም በቀላሉ ይጠገናል። ከባድ መድፍ ግን ሲተኮስ በኃይል ወደ ኋላ ስለሚገፋ ስፌቱ አይችለውም። በምስማር የተመታው ወፍራሙ የፖርቱጋል መርከብ ይችለዋል። ስለዚህ በ1509 ግብፅን ይገዙ የነበሩት ማምሉኮች፣ ጉጀራትና ካሊከት ያሰለፉት የጋራ መርከብ ኃይል በምዕራብ ሕንድ ዲዩ ወደብ ላይ ሲገጥማቸው በመድፍ ደበደቡት።

በየብስ ላይ ይህ ብልጫ አልነበራቸውም፤ ለዚህም ነው ደሴትና የባሕር ወሽመጥ እየመረጡ የመሸጉት። በሕንድ ጎዋን በ1510፣ በዛሬዋ ማሌዥያ ማላካን በ1511፣ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ አፍ ሆርሙዝን በ1515 ያዙ። በ1513 የየመኗን ወደብ ኤደንን ሲያጠቁ ግንቡ ላይ የደገፉት መሰላል በወጡበት ወታደሮች ክብደት ተሰበረ፣ ከተማዋም አመለጠቻቸው። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ወስኗል፤ ኤደንን ሳይዙ ስለቀሩ የቀይ ባሕር መግቢያ የሆነውን የባብ ኤል መንደብን በር የሚቆልፉበት ቋሚ ሰፈር ሳያገኙ ቀሩ።

ኬላው የሚሠራው ካርታዝ በሚባል የይለፍ ወረቀት ነበር፤ የተጀመረውም በ1502 አካባቢ ነው። ከጉጀራት ወደ ጂዳ የጥጥ ጨርቅና ኒል የተባለውን ሰማያዊ ማቅለሚያ ሊልክ የፈለገ ባለ መርከብን እንውሰድ። መርከቡ በየካቲት ወይም በመጋቢት ካልተነሣ ነፋሱ ይዞርበታል፤ ዓመቱ ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ዲዩ ወዳለው የፖርቱጋል ሹም ሄዶ ወረቀቱን ያስጽፋል። ወረቀቱ ላይ የመርከቡ ስም፣ የናኹዳው (የመርከቡ አዛዥ) ስም፣ የመርከቡ መጠን፣ የሰዉና የመሣሪያው ብዛት፣ የሚነሣበትና የሚደርስበት ወደብ ይሰፍራል። የተከለከለውም ይጻፋል፦ የፖርቱጋል ንጉሥ ለራሱ ያስቀረውን ቁንዶ በርበሬ መጫን አይቻልም፣ የጦር መሣሪያ አይቻልም፣ ቱርክ ማሳፈር አይቻልም።

የወረቀቱ ዋጋ ራሱ አነስተኛ ነበር። ገንዘቡ ያለው ግዴታው ላይ ነው፤ መርከቡ ሲሄድም ሲመለስም ፖርቱጋሎች በያዙት ወደብ ቆሞ ቀረጥ መክፈል አለበት። ባሕር ላይ ጠባቂ መርከቦች ያስቆሙታል። ወረቀት የሌለው፣ ወይም ወረቀቱ ላይ ካለው መንገድ የወጣ፣ ጭነቱም መርከቡም ይወረሳል፤ ሰዎቹም ይታሰራሉ ወይም ይገደላሉ። ነጋዴው የሚከፍለው ሌላ ማንም እንዳይነካው አልነበረም፤ ተቀባዩ ራሱ እንዳያጠቃው ነው። ከዚህ በፊትም የባሕር ወንበዴ ነበር፣ የወደብ ገዥዎችም ወደባቸው ከገባው ላይ ቀረጥ ይወስዱ ነበር። ውቅያኖሱ በሞላ የእኔ ነው፣ ያለፈቃዴ የሚያልፍ ሁሉ ወንጀለኛ ነው ያለ መንግሥት ግን በዚያ ባሕር ላይ አልታየም።

ወረቀቱ ምን ያህል እንደከበደ የሚታየው ኃያላኑም ሳይቀሩ ሲጠይቁት ነው። የሕንዱ የሙጋል ንጉሠ ነገሥት የአክባር አክስት ጉልባዳን ቤገም በ1575 ለሐጅ ጉዞ ስትነሣ ሱራት ወደብ ላይ ይህን ፈቃድ በመጠበቅ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆይታለች። ወረቀቱ የማርያምና የኢየሱስ ምስል ስለነበረበት፣ አንዳንድ የእስልምና ሊቃውንት ይህን ይዞ ከመጓዝ ሐጁ ቢቀር ይሻላል እስከማለት ደርሰዋል። በየብስ ላይ የሚስተካከለው ያልነበረው ንጉሥ ቤተሰቡን ወደ መካ ለመስደድ ከሩቅ የመጡ ጥቂት ሺህ ሰዎችን ፈቃድ ጠይቋል።

ቢሆንም ኬላው ያፈስ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከሞዛምቢክ እስከ ማካው የነበሩት ለጦርነት የሚደርሱ ፖርቱጋሎች ከ10,000 ብዙም አይበልጡም ነበር፤ ያን ሁሉ ዳርቻ መጠበቅ አይችሉም። የምሽግ አዛዥነት አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ዓመት የሚሰጥ ሹመት ሲሆን ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለዚህ አዛዡ በሦስቱ ዓመት ውስጥ ለራሱ ይነግዳል፣ ጉቦ ተቀብሎም ያሳልፋል። ጠባቂ መርከቦቹም የነፋስ እስረኞች ነበሩ፤ ቀይ ባሕር አፍ ላይ ጥቂት ሳምንት ዘግይተው ከደረሱ ያድኑት የነበረው መርከብ ሁሉ አልፏል። በዚያ ላይ ከሱማትራ የሚነሡት የአቼ መርከቦች ሕንድን ሳይነኩ በማልዲቭ በኩል በቀጥታ ወደ ቀይ ባሕር መጓዝ ጀመሩ። በ1560ዎቹ በጂዳና በካይሮ አድርጎ እስክንድርያ የሚደርሰው ቁንዶ በርበሬ ዳ ጋማ ከመምጣቱ በፊት ወደነበረበት መጠን ተመልሶ ነበር፤ ቬኒስም መግዛቷን ቀጠለች። የቀይ ባሕር ንግድ በአንድ ጀምበር ሞተ የሚለው ትረካ የማይቆመው ለዚህ ነው።

ለእኛ አገር የተረፈው ከዚህ ፍትጊያ ነው። ፖርቱጋሎች ባብ ኤል መንደብን መዝጋት ሲያቅታቸው ዳርቻውን ማጥቃት ያዙ፤ በ1517 ዘይላን አቃጠሉ። በዚያው ዓመት ግብፅን የያዙት ኦቶማኖች ደግሞ መልስ ሰጡ፤ በ1538 ኤደንን ይዘው ዲዩን ከበቡ። በ1541 ምጽዋ የደረሰው የፖርቱጋል መርከብ ኃይል ዋና ዓላማው ስዊዝ ላይ ያለውን የኦቶማን መርከብ ማቃጠል ነበር፤ አልቻለም። ሲመለስ ነው አዛዡ እስቴቫኦ ዳ ጋማ ወንድሙን ክሪስቶቫኦን ከ400 ወታደር ጋር አገራችን ላይ ያወረደው። ሁለቱም የቫስኮ ልጆች ናቸው። ኢማም አሕመድ በበኩሉ በየመን ዘቢድ ካሉት ኦቶማኖች በመቶዎች የሚቆጠሩ ነፍጥ የያዙ ወታደሮች አስመጣ፤ ክሪስቶቫኦ በ1542 ተይዞ ተገደለ፣ ኢማሙም በ1543 ወይና ደጋ ላይ ወደቀ።

ይህን ዘመን የክርስቲያን ወንድም ለክርስቲያን ወንድም የደረሰበት፣ ወይም እስላም ከክርስቲያን የተዋጋበት ብቻ አድርገን ስንተርከው ግማሹ ይጎድላል። ንግሥት እሌኒ ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ አድርጋ የላከችው የቀይ ባሕርን የኃይል ሚዛን በሚገባ ተረድታ ነው። ባሕሩ ላይ ግን በቁንዶ በርበሬና በቀረጥ የሚፋለሙ ሁለት ኃይሎች ነበሩ፣ ነፍጥና መድፋቸውም በሁለቱም ወገን መሬታችን ላይ ተተኮሰ። በ1557 ኦቶማኖች ምጽዋንና ሕርጊጎን ያዙ። ከዚያ በኋላ ደጋው የሚገዛውም የሚሸጠውም ነገር፣ ነፍጡም ጭምር፣ በሌላ እጅ ባለ በር ማለፍ ነበረበት። ወታደራዊው እርዳታ በሁለት ዓመት አለቀ፤ የበሩ ጉዳይ ግን ለዘመናት ቆየ።

የአውሮፓ ሸቀጥ ደካማነት የተፈታው በብር ነው። በ1545 በዛሬዋ ቦሊቪያ የፖቶሲ ተራራ ብር ተገኘ፤ ተወላጆቹ በግዳጅ ተራ እየገቡ ቆፈሩት። ከፊሉ በአውሮፓ በኩል፣ ከፊሉ ከ1571 ጀምሮ በማኒላ በኩል እስያ ገባ። ዛሞሪን ደጃፍ ላይ የተሳቀበት ባርኔጣ ያልገዛውን የቻይና ሐርና የሕንድ ጨርቅ ይህ ብር ገዛው።

ደቾች (ሆላንዶች) ደግሞ የፖርቱጋሎቹን ኬላ በቃል አውግዘው በተግባር ወረሱት። በ1603 ሲንጋፖር አቅራቢያ ሳንታ ካታሪና የተባለችውን የፖርቱጋል መርከብ ዘረፉ። ሁጎ ግሮቲየስ የተባለው የሕግ ሊቃቸው ለዚያ ዘረፋ ባዘጋጀው መከላከያ ባሕር የማንም ንብረት አይደለም ሲል ተከራከረ፤ ክርክሩም በ1609 ታተመ። በ1613 ለንደን ላይ ግን ያው ሰው እንግሊዞች ወደ ቅመም ደሴቶች እንዳይገቡ ሲሟገት የገዛ ጽሑፉን ጠቀሱበት።

ፖርቱጋሎች ያልቻሉትን ደቾች የቻሉት በጭካኔ ብቻ በመብለጣቸው አይደለም፤ የሚዘጉት ነገር የተለየ ነበር። ቁንዶ በርበሬ ከማላባር እስከ ሱማትራ በሺህ የሚቆጠሩ ጓሮዎች ውስጥ ዛፍ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ነው፤ ባሕሩን ብትጠብቀው ጓሮውን አትጠብቀውም። ገውዝ የተባለው ቅመም ግን በዚያን ጊዜ ለገበያ የሚበቅለው በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ባንዳ በሚባሉ ጥቂት ትናንሽ ደሴቶች ላይ ብቻ ነበር። የባንዳ ሰዎች ለእንግሊዝም ለጃቫም መሸጣቸውን አላቆሙም፤ ሩዛቸው የሚመጣው ከእነዚያው ነጋዴዎች ነበርና ለአንድ ገዥ ብቻ ሽጡ ማለት ተራቡ ማለት ነበር። በ1621 የደች የምሥራቅ ሕንድ ንግድ ኩባንያ ዋና ገዥ ያን ፒተርስዞን ኩን መርከቦቹን ይዞ ደሴቶቹ ላይ ወረደ። 15,000 ያህል ከሚገመተው ሕዝብ የተረፈው 1,000 ገደማ ነው፤ ሌላው ተገደለ፣ ተራበ፣ ተሰደደ፣ ወይም በባርነት ተጋዘ። ኩባንያው መሬቱን በእርሻ ከፋፍሎ ለራሱ ሰዎች አደለ፣ ገውዙን የሚለቅሙ ባሮችንም ከሌላ ቦታ አመጣ።