መጀመሪያ ደብዳቤውን አሳዩን

አፕል መስከረም 22 ቀን 2018 አይስብሎክ የሚባለውን መተግበሪያ ከመደብሩ አነሳው። መተግበሪያው የሚሠራው ነገር ቀላል ነው። አይስ የሚባሉትን የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች መንገድ ላይ ያየ ሰው ካርታው ላይ ምልክት ያስቀምጣል። በአምስት ማይል ዙሪያ ያለ ተጠቃሚ ስልኩ ላይ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ ዘመድ ያለው አንባቢ ሰዎች ይህን ለምን እንደሚጭኑ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አልነበረም። አዲስ ሕግም አልወጣም። የዚያን ጊዜዋ የአሜሪካ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ፓም ቦንዲ እንዲነሳ ጠየቁ፤ አፕል በዚያው ቀን አነሳ። ይህን ያሉት ራሳቸው ቦንዲ ናቸው፤ ያውም በኩራት። አፕል ደግሞ መተግበሪያው ለደህንነት አስጊ መሆኑን የሚያሳይ መረጃ ከሕግ አስከባሪዎች ደርሶኛል አለ። መረጃው ምን እንደሆነ ግን አላሳየንም።

ቦንዲ አላናደዱኝም። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው የማይመቸውን ነገር ማጥፋት ይፈልጋል፤ ይህ የነበረ ነው። ያናደደኝ ከኋላ የመጣው ጥብቅና ነው። «ኩባንያው ምን ያድርግ? የሚሠራበትን አገር ሕግ ማክበር ግዴታው ነው» ይሉናል። ያኔ የአፕል አለቃ የነበሩት ቲም ኩክም እ.ኤ.አ. በ2017 ከቻይናው መደብራቸው ቪፒኤኖችን ሲያነሱ የሰጡት ምክንያት ይኸው ነበር፤ በምንሠራበት አገር ሁሉ ሕግ እናከብራለን አሉ።

እሺ፣ የትኛውን ሕግ? ኩባንያው የአሜሪካ ነው። ነገሩም የሆነው አሜሪካ ውስጥ ነው። ምክር ቤቱ የመናገር ነፃነትን የሚገድብ ሕግ እንዳያወጣ ሕገ መንግሥቱ የከለከለበት አገር ነው። እዚያ አገር አንድ ባለሥልጣን ስለጠየቁ ብቻ የሚነሳ ነገር ካለ፣ የተከበረው ሕጉ አይደለም። የተከበሩት ባለሥልጣኗ ናቸው።

ይህ ሰበብ ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ ያስቃል። እስቲ አስቡት። ሲም ካርድ የጠፋበት ሰው መታወቂያውን ይዞ ይሰለፋል። ከቀበሌ አንዲት የነዋሪነት ማስረጃ ለማውጣት ፎቶ፣ ማመልከቻ፣ ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማህተም ያስፈልጋል። ማህተሙ ፊርማው ላይ በትክክል ካላረፈ ወረቀቱን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት «ይሄ አይሠራም፣ አስተካክለህ ና» ብሎ ይመልሳል። ስትመለስ ማህተም ያዡ ስብሰባ ላይ ነው። ነገ ስትመጣ ሥልጠና ሄዷል። በዚህ አገር ለአንድ ሰው አድራሻ ይህን ያህል ወረቀት እንጠይቃለን። የሚሊዮኖች ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን አንዲት ገጽ ደብዳቤ የሚያሳየን የለም።

በየካቲት 2015፣ በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ በተፈጠረው ችግር ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ። የተከፈቱት ሐምሌ ላይ ነው። አምስት ወር! የሰፈር ስልክ ጠጋኞች ዋና ሥራ ቪፒኤን መጫን ሆኖ ነበር። ዩቲዩብ ሲከፈት በማናውቀው ቋንቋ የሆላንድ ሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ይመጣል። ባትሪው ከምሳ ሰዓት አያልፍም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በተዘጋው ፌስቡክ ላይ መግለጫ መለጠፋቸውን አላቆሙም። ለማን እንደሚለጥፉ እነሱ ያውቃሉ። እኛም በቪፒኤን ገብተን እናነብላቸው ነበር።

ያን ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አልነበረም። ኮማንድ ፖስት አልነበረም። ሕገ መንግሥታችን ደግሞ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። ሐሳብን የመግለጽ መብት የሚገደበው በሕግ ብቻ ነው ይላል። በሕግ ብቻ! በስልክ ጥሪ ይገደባል የሚል ቦታ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ስለዚህ ደብዳቤው ካለ አሳዩን። ቅርጹን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከላይ ቁጥርና ቀን። ለኢትዮ ቴሌኮም። ጉዳዩ፦ ማኅበራዊ ሚዲያ ስለመዝጋት። ከዚያ «ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው» ይላል። በዚህ አዋጅ ቁጥር፣ በዚህ አንቀጽ መሠረት፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይዘጋልን። «ከሰላምታ ጋር።» ስም፣ ፊርማ፣ ማህተም። ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን። ይህን የመሰለ ወረቀት ያየ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አላየሁም። አንድም ጋዜጠኛ ሲያሳየን አላየሁም።

ወረቀቱ ላይ ሙጭጭ ያልኩት ወረቀት ወድጄ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ስም ስላለ ነው። ስም ካለ የሚጠየቅ ሰው አለ። አንቀጽ ከተጠቀሰ ጠበቃ አንቀጹን ይዞ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ቀን ካለ «ጊዜው አልፏል፣ ክፈቱ» ማለት ይቻላል። ወረቀት ከሌለ ግን ማንም አላዘዘም፣ ማንም አልዘጋም። ኢንተርኔቱ ራሱ ደክሞት የተኛ ይመስል! ባለሥልጣኑ ስልክ ማንሳት የሚመርጠው ለዚሁ ነው። ኩባንያው ወረቀት አምጡ ካላለ ደግሞ ተባባሪ ነው። ታዛዥ ብቻ ነኝ ሊል አይችልም።

ወረቀት ሲወጣ ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ የያሁን ታሪክ ያንብብ። ሺ ታኦ የሚባል ቻይናዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ2004 የቲያናንመን አደባባይ እልቂት 15ኛ ዓመት እንዴት እንዳይዘገብ መንግሥት መመሪያ እንደሰጠ በያሁ ኢሜይሉ ኒው ዮርክ ላለ ድረ ገጽ ላከ። ያሁ የኢሜይሉን ባለቤት ማንነት ለመንግሥት ሰጠ። ሰውዬው 10 ዓመት ተፈረደበት። ያሁ በ2006 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ምርመራው ስለምን እንደሆነ አላወቅንም ነበር አለ። ቀጥሎ ደብዳቤው ወጣ። የቻይና ፖሊስ ለያሁ የጻፈው ወረቀት ጉዳዩ የመንግሥት ምስጢር ለውጭ አካል መስጠት መሆኑን በግልጽ ይናገራል። የቻይናን ዜና የሚከታተል ሰው ይህ ክስ በጋዜጠኞችና በተቃዋሚዎች ላይ እንደሚቀርብ ያውቃል። በ2007 የያሁ አለቃ ጄሪ ያንግ ምክር ቤቱ ውስጥ ለሺ ታኦ እናት ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ሰብሳቢው ቶም ላንቶስ በቴክኖሎጂና በገንዘብ ግዙፎች፣ በሞራል ግን ድንኮች ናችሁ አሏቸው። «አላወቅንም» የሚለውን ሰበብ ያፈረሰው አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ኩባንያዎቹ ይህን ትምህርት በደንብ ተምረዋል። የተማሩት ግን ወረቀት እንዳይኖር ማድረግን ነው።

ያኔ ትዊተር ይባል የነበረውን ኤክስን ተመልከቱ። በግንቦት 2023 የቱርክ ምርጫ ዋዜማ የተወሰኑ ጽሑፎችን ቱርክ ውስጥ እንዳይታዩ አደረገ። አንድ ጋዜጠኛ ሲተቸው ባለቤቱ ኢሎን መስክ «አንጎልህ ወድቆብሃል እንዴ?» ዓይነት ስድብ ሰደበው። አማራጩ ትዊተር ሙሉ በሙሉ እንዲንቀራፈፍ ወይም ጥቂት ጽሑፍ እንዲከለከል ነው፤ የቱን ትፈልጋለህ አለው። ሉመን የሚባል፣ በሃርቫርድ የሚገኝ የመረጃ ቋት አለ። ኩባንያዎች ከየመንግሥቱ የሚደርሷቸውን የማስነሻ ጥያቄዎች ሕዝብ እንዲያያቸው እዚያ ያስቀምጣሉ። ትዊተርም ዓመታት ያስቀምጥ ነበር። በመስክ ዘመን፣ ከዚያው ምርጫ አንድ ወር በፊት፣ በሚያዝያ 2023 አቆመ። የንግግር ነፃነት አርበኛው ደብዳቤዎቹን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈባቸው ማለት ነው።

የመስክን ጥያቄ ግን ልመልስለት። የቱን ትፈልጋለህ? ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን እፈልጋለሁ! ግር ይበላችሁ፣ ግን አስቡት። መንግሥት ሁሉን ሲዘጋ ሁሉም ሰው ያያል። የማያገባው ነጋዴ ይቆጣል። ፍቅረኛውን የሚያወራው ልጅ ይቆጣል። የመንግሥት ደጋፊ ሳይቀር ይቆጣል። የኔፓል መንግሥት በነሐሴ መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 4 ቀን 2025፣ 26 መድረኮችን በአንዴ ዘጋ። ከአራት ቀን በኋላ ወጣቱ አደባባይ ወጣ፤ በዚያ ቀን 19 ሰው ተገደለ፤ እገዳው በሌሊት ተነሳ፤ በማግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቀቁ። የተከፈለው ሕይወት ያሳዝናል፤ የገደለውም መንግሥት ነው። ግን መንግሥት ራሱ ሲዘጋ ዋጋ ይከፍላል። ኩባንያው በጓሮ በር ጥቂት ጽሑፍ፣ ጥቂት ገጽ፣ አንድ መተግበሪያ ሲያነሳለት ደግሞ ሳንሱሩ በነፃ ይሆንለታል። ማንም አያይም። የተከለከለው ሰው እንኳ እንደተከለከለ ላያውቅ ይችላል። ለዚህ ነው መንግሥታት እንዲህ ያለውን «ሕግ አክባሪ» ኩባንያ የሚወዱት።

አንድ ነገር አልክድም። ሠራተኛ በአገሩ ላይ መያዣ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ሩሲያ በ2021 የተቃዋሚውን የናቫልኒን የምርጫ መተግበሪያ ለማስነሳት የጉግልና የአፕል ሠራተኞችን በእስር አስፈራርታለች፤ ሁለቱም አነሱት። የሰው ልጅ እስር ቤት ይግባ አልልም። ግን አፍ አውጥቶ «ሠራተኞቻችንን ስላስፈራሩብን አነሳነው» ማለት አንድ ነገር ነው። «ሕግ አክብረን ነው» ማለት ደግሞ ለአስፈራሪው ጥብቅና መቆም ነው።

ሌላው የምሰማው መከራከሪያ የጥላቻ ንግግር ነው። እውነት ነው፤ ሰው አስገድሏል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፌስቡክ ላይ ስማቸው ተጠርቶ ከተዘመተባቸው በኋላ በጥቅምት 2014 ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹን አንሱ ብሎ ለፌስቡክ አመልክቶ በጊዜው የሰማው አልነበረም። ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን ማየት እችላለሁ ያለው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። እንግዲህ አስተያዩት። ልጅ ለአባቱ ሕይወት ሲለምን ሳምንታት። ባለሥልጣን ስለ አንድ መተግበሪያ ሲጠይቁ አንድ ቀን። እኛ አገር በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅም ለማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች 24 ሰዓት ይሰጣል። ኩባንያዎቹ ይህን ሥራ በአግባቡ ቢሠሩ ኖሮ መንግሥት ሁሉን የሚዘጋበት ምክንያት ያጣ ነበር። ሰበቡን አመቻችተው ያቀበሉት እነሱ ናቸው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሐምሌ 2011 ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም ብለው ነበር። ልክ ናቸው። ውሃ ሲቋረጥ የፈረቃ ፕሮግራም ይወጣል። መብራት ሲቋረጥ እንኳ፣ ባይታመንም፣ «ለጥገና ሥራ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል።

«አይቻልም» የሚል ካለ ደግሞ ተሞክሯል። የኖርዌዩ ቴሌኖር ከየካቲት 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የምያንማር ወታደሮች የሚሰጡትን ትእዛዝ አንድ በአንድ ድረ ገጹ ላይ ያወጣ ነበር። ሲከለከልም ተከልክያለሁ ብሎ ተናገረ። በኋላ የደንበኞቹን መረጃ ጭምር ለሌላ ሸጦ የወጣበት መንገድ አያስመሰግነውም፤ ትእዛዙን ማውጣቱ ግን ያስመሰግነዋል። ቮዳፎን በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በጥር 2011 የግብፅን መንግሥት ትእዛዝ ተቀብሎ መስመሩን ዘጋ። ከዚያ የመንግሥትን ቅስቀሳ በደንበኞቹ ስልክ በአጭር መልእክት አስተላለፈ። መልእክቶቹ ላኪያቸው በግልጽ አልታወቀም ብሎ ያጉረመረመው በኋላ ነው። ይህን የማነሳው ግብፅ ስለናፈቀችኝ አይደለም። የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ባለድርሻ ቮዳኮም የዚሁ የቮዳፎን ልጅ ስለሆነ ነው።

ሳፋሪኮም ለፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ሲገባ ብዙዎቻችን አማራጭ መጣ ብለን ደስ ብሎን ነበር። ዋጋና ፍጥነት ላይ መጥቷል። በሚዘጋበት ቀን ግን ሁለቱም ሲም እኩል ዝም ይላሉ። ኢትዮ ቴሌኮም የመንግሥት ነው፤ ምን ሊል ይችላል የሚል ሰው አለ። ሳፋሪኮምስ?

ሁለቱም ኩባንያዎች ከወዲሁ አንድ ነገር በጽሑፍ ይንገሩን። ትእዛዙ በጽሑፍ ካልመጣ አንዘጋም ይበሉ። ከመጣም በ24 ሰዓት ውስጥ ገጻችን ላይ እንለጥፈዋለን፤ እንዳንለጥፍ ከተከለከልንም ተከልክለናል እንላለን ይበሉ። ይህን ለማለት ፈቃድ የሚነጥቅ አንቀጽ ካለ፣ እሱንም ቁጥሩን ጠቅሰው ይጻፉልን።